የቅጥርና የሥራ ላይ ደህንነት ሥልጣንን በውክልና መስጠት፦ ደረጃ በደረጃ

«ኃላፊው አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ቅጥሩን ማን ያጽድቅልን?» «ሠራተኛ ተጎድቷል፤ ሪፖርቱ ላይ ማን ይፈርም?» ባሕር ዳር ውስጥ በሰው ሀብት ሥራ ላይ የቆየ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ለምዷቸዋል። እኔም በስልክም፣ በሻይ ሰዓትም ስለምጠየቅ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብያለሁ።

ሁለቱንም የሚፈታቸው በጽሑፍ የተሰጠ ውክልና ነው። ግን ውክልና ባለበትም ችግሩ አይጠፋም። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ሥራውን ተወካዩ ላይ ይጭናል፤ ገንዘቡንና «አቁሙ» የማለት መብቱን ግን ኃላፊው ጋ ያስቀራል። ስለዚህ 5ኛው ደረጃ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የክልል መሥሪያ ቤት ነው እንበል። ዋናው ቢሮ ከተማ መሐል ነው። የመስክ ቡድኑ ጣና ዳር ይውላል፤ እምቦጭ ያስነቅላል፣ የውኃ ናሙና ይወስዳል፣ ጀልባም አለው። ቋሚ፣ የኮንትራትና የቀን ሠራተኛ አብረው ይሠራሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የመሥሪያ ቤቱ ማቋቋሚያ አዋጅ ወይም ደንብ
• በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና መመሪያዎቹ (የክልል መሥሪያ ቤት የክልሉን፣ ባሕር ዳር ያለ የፌዴራል ቅርንጫፍ የፌዴራሉን)
• የጸደቀው መዋቅርና የሥራ መደቦች ዝርዝር
• የበጀት ዓመቱ የደመወዝና የሥራ ማስኬጃ በጀት
• ከዚህ በፊት የተጻፉ የውክልና ደብዳቤዎች በሙሉ፣ ከመዝገብ ቤት
• የአደጋ መዝገብ። ከሌለ አንድ ወፍራም ደብተርና ማስመሪያ ይበቃል
• ማህተም፣ ቲተር (የኃላፊው ስምና የሥራ ድርሻ ያለበት ማህተም)፣ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር
• ረቂቁን ቁጭ ብሎ የሚያነብ የሕግ ባለሙያ

የቆዩትን ደብዳቤዎች መፈለግ አትዝለሉ። ከሁለት ኃላፊ በፊት የተሰጠና ማንም ያልሻረው ውክልና ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይገኛል። አዲሱ ደብዳቤ ከእሱ ጋር ከተጋጨ ሠራተኛው የሚጠቅመውን መርጦ አቤቱታ ያቀርብበታል። መብቱም ነው።

1. ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ከሕጉ ላይ ፈልጉ

ኃላፊው የሌለውን ሥልጣን መስጠት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው አንቀጹ ነው። «የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ» የሚለውን፣ «ሲቪል ሰርቪስ» የሚለውንና «ኮሚቴው» የሚለውን በሦስት ቀለም አስምሩበት። የበላይ ኃላፊው የተባለው ብቻ ነው ለውክልና የሚቀርበው። ደግሞም አንቀጹ ራሱ «ሥልጣኑን በውክልና ሊሰጥ ይችላል» ይል እንደሆነ እዩ።

የደህንነቱን ሥልጣን ፍለጋ ስትገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጤናማና ጉዳት የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ላይ ተቀምጧል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የአሠሪውን የደህንነት ግዴታዎች ይዘረዝራል፤ ሆኖም ይህ አዋጅ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሚተዳደረውን ሠራተኛችሁን አይመለከትም። የሚመለከተው ግቢያችሁ ውስጥ ያለውን የጥበቃ ድርጅት ሠራተኛና የኮንትራክተሩን ግንበኛ ነው። ስለዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ሕግ ይሠራል ማለት ነው። የቀን ሠራተኞቻችሁ በየትኛው እንደሚተዳደሩ የሕግ ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱም ከውክልናው ጋር ይያያዝ።

«ውልና ማስረጃ ሄደን እናጽድቀው ወይ?» የሚል ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ለዚህኛው አያስፈልግም። ይህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሰጥ አስተዳደራዊ ውክልና ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ መሟገት ወይም ከውጭ ሰው ጋር ውል መፈረም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አትቀላቅሉት።

2. ሥራዎቹን ቆራርጣችሁ ዘርዝሩ

«የሰው ሀብት ሥራዎችን በሙሉ» ብሎ የሚጀምር ውክልና ያልተነበበ ውክልና ነው። ቅጥር የሚባለው አንድ ሥራ አይደለም፤ የሥራ ሰንሰለት ነው። ክፍት መደብ መለየት፣ ማስታወቂያ ማውጣት፣ መራጭ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ውጤት ማጽደቅ፣ የቅጥር ደብዳቤ መፈረም፣ የሙከራ ጊዜ ውጤት ማጽደቅ። ከዚያ ደግሞ ዝውውር፣ የደረጃ እድገት፣ ፈቃድ፣ ዲሲፕሊን አለ። እያንዳንዱን በየመስመሩ ጻፉ።

ደህንነቱንም እንዲሁ፦ የሥራ ቦታ አደጋዎችን መለየት፣ መከላከያ መግዛትና ማደል፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ አደገኛ ሥራ ማስቆም፣ ጉዳት መመዝገብና ማሳወቅ፣ ኮንትራክተርን መቆጣጠር።

ለምን እንዲህ ይበታተናል? ሁሉም ለአንድ ሰው መሄድ ስለሌለበት ነው። ማስታወቂያ ያወጣው፣ ፈተና ያረመውና ውጤቱን ያጸደቀው አንድ ሰው ከሆነ ቅጥሩ ንጹህ ቢሆንም ሐሜት አያጣውም። ቅሬታ ሲመጣ ደግሞ የሚከላከልለት ወረቀት የለም።

3. የማይሰጠውን ለዩ

በሦስት ዓምድ አስቀምጡት፦ «ይሰጣል»፣ «በገደብ ይሰጣል»፣ «ኃላፊው ጋ ይቆያል»። የዓመት ፈቃድ ያለ ችግር ይሰጣል። ዝውውር በገደብ ነው፤ ለምሳሌ በአንድ ከተማ ውስጥ ብቻ። ከሥራ ማሰናበትንና ሌሎች ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣቶችን ኃላፊው ጋ እንዲቆዩ እመክራለሁ። የቅጣት ውሳኔ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት የሚሄድ ጉዳይ ነው። እዚያ ከሚነሱት ክርክሮች አንዱ «የወሰነው ሰው ሥልጣን አልነበረውም» የሚል ነው፤ ይህ ከተረጋገጠ የቀረው ፋይል ምንም ያህል ቢያምር አያድንም።

ከደህንነቱ ወገን ኃላፊው ጋ የሚቀረው የመሥሪያ ቤቱ የደህንነት ፖሊሲና ዓመታዊ በጀቱ ነው። ዕለታዊው ሁሉ ቢወርድ ይሻላል።

4. ተወካዩን በመደቡ ጥሩ፣ በስሙ አይደለም

«ለአቶ እገሌ» ተብሎ የተጻፈ ውክልና አቶ እገሌ ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። «ለሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክተር» ከተባለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይሠራበታል። ስሙን በግልባጩ ማስታወቂያ ላይ ጻፉት።

የደህንነቱን ሥልጣን ማን ይያዝ? ልማዱ ሁሉንም ለሰው ሀብት መስጠት ነው። እኔ አልስማማም። የመስክ ቡድኑን ደህንነት መያዝ ያለበት መስክ ላይ የሚውል ሰው ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ እንደሚናወጥ የሚያውቀው ጀልባው አጠገብ የቆመው ቡድን መሪ ነው። ሰው ሀብት ዳይሬክተሩ ያን ሰዓት ከተማ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ሊፈርም ይችላል። ስለዚህ ቅጥሩ ለሰው ሀብት፣ የመስኩ ደህንነት ለመስክ አስተባባሪው፣ የቢሮው ደህንነት (ኤሌክትሪክ፣ እሳት ማጥፊያ፣ መዝገብ ቤት) ለጠቅላላ አገልግሎት ይሁን።

ሁለቱን ሥልጣኖች የምታያይዝ አንድ መስመር ግን ጨምሩ፦ ሰው ሀብት ለመስክ ሥራ ሠራተኛ ከመመደቡ በፊት የመስክ አስተባባሪው የሥራውን አደጋ በጽሑፍ ያሳውቃል። ዋና የማይችል ሰው ጀልባ ላይ የሚመደበው ይህች መስመር ስትጠፋ ነው።

5. ገንዘቡንና «አቁሙ» የማለት መብቱን አብራችሁ ስጡ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አስተባባሪው «የሠራተኞችን ደህንነት እንዲያስጠብቁ» የሚል ደብዳቤ በእጁ አለ። የቀን ሠራተኞቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በባዶ እግራቸው ውኃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ይጎትታሉ። የረጅም የጎማ ቦት ጫማ የግዥ ጥያቄ ቀርቧል፤ ፕሮፎርማው (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ተሰብስቧል። ግን ወጪው የኃላፊውን ፊርማ ይጠብቃል፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። አስተባባሪው ሥራውን ላቁም ቢል ሥልጣን የለውም፤ ልቀጥል ቢል ደብዳቤው ተጠያቂ ያደርገዋል።

ጣና ዳር ይህ ቀልድ አይደለም። ብልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ጥልቀት በሌለው፣ አረም በበዛበት ውኃ ውስጥ ይጠብቃል፤ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። ለመግባት ቁስል አያስፈልገውም፤ ሰውየው ውኃውን ባይጠጣም ይይዘዋል። እምቦጭ የሚነቀልበት ቦታ ደግሞ በትክክል እንዲህ ያለው ዳርቻ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ነገሮች በግልጽ ይግቡ፦

ሀ. የወጪ ጣሪያ። ተወካዩ ለደህንነት ዕቃ ያለ ኃላፊው ፊርማ እስከ ስንት ብር ማዘዝ እንደሚችል፣ ከየትኛው የበጀት ኮድ። ጣሪያው የግዥ መመሪያውንና የፋይናንስ ደንቡን እንዳይጥስ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። ለድንገተኛ ጉዳይ አነስተኛ ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ በእጅ የሚያዝ ገንዘብ) በመስክ አስተባባሪው እጅ ቢኖር ሠራተኛ ሲጎዳ ወደ ሐኪም ቤት መውሰጃ አይቸግርም።

ለ. ሥራ የማስቆም ሥልጣን። «አደጋ አለ ብሎ ሲያምን ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራውን ያስቆማል፤ ያስቆመበትን ምክንያት በዚያው ቀን በጽሑፍ ያሳውቃል» ይባል። «ሲያስፈልግ» የሚል ቃል አትጨምሩ። ያ ቃል ክርክር ይከፍታል።

ሐ. ለቆመው ሰዓት ክፍያ። የቀን ሠራተኛው በነፋስ ምክንያት ሥራ ቢቆም ቀኑ ይታሰብለታል ወይስ አይታሰብለትም? ይህ ካልተጻፈ ሠራተኛው ራሱ «ግድ የለም፣ እንግባ» ይላል። ምሳውን እያሰበ ነው፤ አይፈረድበትም።

የመከላከያ ዕቃ ግዥ መጨረሻ የሚታሰብ መሆኑንም ለተወካዩ አስረዱት። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ሳይገባ ከጀልባ ላይ ወይም በማሽን መሥራት ይቻላል? ካልሆነ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማምጣት፣ ፈረቃ ማሳጠር። ቦት ጫማ፣ ጓንትና ላይፍ ጃኬት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ላይፍ ጃኬት ደግሞ የሚቆጠረው ሰውነት ላይ ሲሆን ነው፤ ጀልባው ወለል ላይ የተነጠፈው አይቆጠርም።

6. ደብዳቤውን ጻፉ

እንዲህ ያለ አጻጻፍ ይሠራል፦

«ጉዳዩ፦ ውክልና ስለመስጠት
ለመስክ ሥራዎች አስተባባሪ
በ… አዋጅ አንቀጽ … ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ከተሰጡት ሥልጣኖች ውስጥ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የተዘረዘሩትን ብቻ ከሐምሌ 1 ቀን እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ እንዲፈጽሙ የተወከሉ መሆኑን እገልጻለሁ። ይህን ሥልጣን ለሌላ ሰው በውክልና ማስተላለፍ አይቻልም። ራስዎን፣ የቅርብ ዘመድዎን ወይም የጥቅም ግንኙነት ያለዎትን ሰው በሚመለከት ጉዳይ ላይ ውሳኔ አይሰጡም፤ ጉዳዩን ለበላይ ኃላፊው ይመልሳሉ።»

ከዚያ ዝርዝሩ፣ ገደቡ፣ የወጪ ጣሪያው፣ የሪፖርት ጊዜው ይከተላል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አትርሱ። ያለ እሷ ዝርዝሩ ምሳሌ ተደርጎ ሊተረጎም ይችላል።

ጊዜውን ከበጀት ዓመቱ ጋር ማስኬድ ይጠቅማል። የወጪ ጣሪያው በበጀት ላይ የቆመ ስለሆነ ሐምሌ ላይ ሁለቱም አብረው ይታደሳሉ።

7. ፊርማ፣ ማህተም፣ ግልባጭ

ኃላፊው ይፈርም፣ ቲተሩና ማህተሙ ይረፍ፣ የወጪ ቁጥር ይያዝ። ግልባጩ ለፋይናንስ፣ ለግዥ፣ ለኦዲት፣ ለሕግ ክፍልና ለሲቪል ሰርቪስ ይሂድ። ፋይናንስ ግልባጭ ካልደረሰው የተወካዩን ፊርማ አይቀበልም። የተወካዩ የፊርማ ናሙና አብሮ ይላክ።

ለሠራተኞችም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መስክ ላይ ያለው ሠራተኛ ሰሌዳ አያይም፤ ለእሱ በቃል ይነገረው። «ሥራ አቁሙ የሚላችሁ እሱ ነው፤ የሚሰማው እሱ ነው» ማለት ይበቃል።

8. ርክክብ

ተወካዩ ደብዳቤውን ፈርሞ ሲወስድ የሚከተሉትንም ይረከባል፦ የአደጋ መዝገቡን፣ የመከላከያ ዕቃዎችን ዝርዝር ከነሁኔታቸው፣ ያልተቋጩ የቅጥርና የቅሬታ ጉዳዮችን። «ሁኔታ» ስል የቀዳዳ ጉዳይ ነው። የተቀደደ ቦት ጫማ መጋዘን ውስጥ «አለ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ውኃ ያስገባል እንጂ አይከላከልም።

9. ሪፖርትና ክትትል

ሥልጣኑ ቢተላለፍም ኃላፊው ከተጠያቂነት አይወጣም። «ወክዬ ነበር» ማለት ምላሽ የሚሆነው መከታተሉን የሚያሳይ ወረቀት ሲኖር ነው። በየወሩ አንድ ገጽ ይበቃል፦ ስንት ሰው ተቀጠረ፣ በየትኛው መደብ፣ ስንት ቅሬታ ቀረበ፣ ምን ጉዳት ደረሰ፣ ሥራ ስንቴ ቆመ፣ ምን ተገዛ።

የጉዳት መዝገቡ ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሥራው ዓይነት፣ የምስክሮች ስምና የተሰጠው ሕክምና ይመዝገብ። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት የመንግሥት ሠራተኛ በጡረታ አዋጁ (ቁጥር 1267/2014) የሚያገኘው ጥቅም በማስረጃ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ ያልተመዘገበ መንሸራተት ከዓመት በኋላ የጀርባ ሕመም ሆኖ ሲመጣ ሠራተኛው በባዶ እጁ ይቆማል። ትንሽ የመሰለውንም፣ ከአደጋ ለጥቂት የተረፈውንም መዝግቡ።

10. መሻር

ውክልና በደብዳቤ እንደተሰጠ በደብዳቤ ይሻራል። «ስልክ ደውዬ ነግሬዋለሁ» አይሠራም። ግልባጩ መጀመሪያ ለደረሳቸው ሁሉ ይሂድ፤ በተለይ ለፋይናንስ። ከመሻሩ በፊት በሥልጣኑ ልክ የተወሰነው ውሳኔ ግን ጸንቶ ይቆያል፤ ይህንንም በመሻሪያው ላይ ጻፉት።

ማስጠንቀቂያ

• ደብዳቤው ከመፈረሙ በፊት የተወሰነን ነገር ቀን ወደ ኋላ ጎትታችሁ አትሸፍኑ። ስህተቱን ወደ ወንጀል ይቀይረዋል።
• ሰው ከተጎዳ መጀመሪያ ሕክምና፣ ከዚያ ወረቀት። አስተባባሪው ፎርም እስኪሞላ አምቡላንስ አይጠብቅም።
• ኤሌክትሪክ በያዘው እሳት ላይ ውኃ እንዳይደፋ ለቢሮ ተወካዩ በግልጽ ንገሩት። መዝገብ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ሐሳብ ባልዲ ነው።
• ብልሃርዚያን ቦት ጫማ ብቻ አያስቀረውም። ውኃ ውስጥ የሚሠሩት በየጊዜው ይመርመሩ። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ውክልናው ላይ ይግባ።

የተለመዱ ስህተቶች

«ለጊዜው ተወክለዋል» ብሎ ማብቂያ ቀን አለመጻፍ። ለጊዜው የተባለው ለዓመታት ይቆያል።

ሁለት ሰው በአንድ ጉዳይ ላይ መወከል። ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ወይም ሁለቱም አይፈርሙም።

ተወካዩ በራሱ ስም መፈረም። ከፊርማው በላይ «ስለ … ኃላፊ» ተብሎ የውክልና ደብዳቤው ቁጥርና ቀን ይጠቀስ። ይህን ያየ ኦዲተር ሌላ ጥያቄ አያበዛም።

የኮንትራክተሩን ሠራተኛ መርሳት። የውሉ አንቀጽ ውስጥ «የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ የደህንነት ጉድለት ሲያይ ሥራ ያስቆማል» የሚል ከሌለ የእናንተ አስተባባሪ የግንበኛውን መሰላል አይቶ ከማለፍ ሌላ የሚያደርገው የለም።

የተወካዩን ተተኪ አለመሰየም። አስተባባሪው ዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሥልጣኑን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም፤ 6ኛው ደረጃ ላይ ከልክለነዋል። ስለዚህ «እሱ በማይኖርበት ጊዜ የመስክ ቡድን መሪው ይተካል» የምትል መስመር ከመጀመሪያው ደብዳቤ ውስጥ ትግባ። ከሌለች ጀልባው ማለዳ ሲወጣ የሚያስቆመው ሰው አይኖርም፤ ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።